ብር ተራራ ሥር ቁጭ ብሎ ብር ያጣው የገንዘብ መምቻ

በ2012 አንድ የአሜሪካ አሥር ሳንቲም በጨረታ 1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አሥር ሳንቲም ነው የምላችሁ። ሁለት ግራም ተኩል እንኳን የማይሞላ ቁራጭ ብር ነው። ዓመቱ 1873 ይላል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ከጀርባው ደግሞ ሁለት ትንንሽ «ሲ» ፊደሎች አሉት። ሲመታ 12,400 ነበር። በዚያው ዓመት ኮንግረስ የሳንቲሞቹን ክብደት በሽርፍራፊ ግራም ከፍ አደረገና አሮጌዎቹ ወደ ማቅለጫው ተመለሱ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው።

«ሲሲ» ማለት ካርሰን ሲቲ ነው። እኔ የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ሐበሻ እንደ አሸዋ ነው፣ ግን የኔቫዳ ዋና ከተማ ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ ሰው ላስ ቬጋስ ይላችኋል። አይደለችም። ዋና ከተማዋ ካርሰን ሲቲ ናት፤ ከዚህ በመኪና ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን፣ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሥር። የማወራችሁ እዚያ ስለነበረው የገንዘብ መምቻ ነው። ታሪኩን ሳነብ ያናደደኝም ያሳቀኝም ነገር አለ። ፋብሪካው የተሠራው በወቅቱ በዓለም ላይ ከታወቁት የብር ክምችቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ነው። የኖረው ግን ብር ሲለምን ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1859 ነው። ያኔ ኔቫዳ የሚባል ግዛት የለም፤ ቦታው የዩታ ቴሪቶሪ (ገና ሙሉ ግዛት ያልሆነ አስተዳደር) አካል ነው። ወርቅ ፍለጋ ከካሊፎርኒያ ተራራውን ተሻግረው የመጡ ሰዎች ሸለቆ ውስጥ አሸዋ ያጥባሉ። ሁሌ የሚያስቸግራቸው ነገር አለ፦ ሰማያዊ የሚመስል ከባድ ጭቃ። ዕቃቸው ላይ ይጣበቃል፣ ወርቁን ይሸፍንባቸዋል። እየተራገሙ ይደፉታል። በመጨረሻ አንድ ሰው ጥቂቱን ይዞ ካሊፎርኒያ ተሻገረና አስመረመረው። ከአንድ ቶን ውስጥ ወደ 3,000 ዶላር የሚያወጣ ብርና 876 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ወጣ! ሲደፉት የከረሙት እሱን ነው። ወሬው አንድ ቀን አላደረም፣ ሰው ተራራውን እንደ አንበጣ ወረረው።

ያገኙት ፒተር ኦራይሊ እና ፓትሪክ ማክላፍሊን የሚባሉ ሁለት አየርላንዳውያን ናቸው። ስሙ የቀረው ግን ሄንሪ ኮምስቶክ ለሚባል ሰው ነው። ኮምስቶክ ምን ቆፈረ? ምንም። ሁለቱ ሲቆፍሩ ደረሰ፣ «መሬቱ የኔ ነው» አለ፣ ጮኸ፣ አስፈራራ፣ አስገቡት። ክምችቱ ዛሬ በዓለም ሁሉ «ኮምስቶክ ሎድ» (የኮምስቶክ የማዕድን ሥር) ነው የሚባለው። ከነሱ በፊት ደግሞ ግሮሽ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች እዚያው አካባቢ ብር መኖሩን አውቀው ነበር። ሁለቱም በ1857 በጥቂት ወራት ልዩነት ሞቱ፤ አንዱ እግሩን በመቆፈሪያ ወግቶት ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሌላው በክረምት ተራራውን ሲሻገር በውርጭ ተመቶ። ኮምስቶክም ቢሆን ድርሻውን በርካሽ ሸጦ ገንዘቡን ጨርሶ በ1870 ሞንታና ውስጥ ራሱን አጠፋ። ማክላፍሊን በ3,500 ዶላር ነው የሸጠው። ከዚያ ተራራ በኋላ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ብርና ወርቅ እንደወጣ እያሰባችሁ አንብቡት።

እና ብሩ ወጣ። ወዴት ይሂድ? በዚያ ምዕራብ ያለው የመንግሥት ገንዘብ መምቻ ሳን ፍራንሲስኮ ብቻ ነው። በመካከል ሴራ ኔቫዳ አለ። ባቡር የለም። በፈረስና በበቅሎ ጋሪ ጭነህ፣ ሽፍታ ባይወስድብህ ተራራ አሻግረህ፣ ለማጓጓዣ ከፍለህ፣ ከዚያ ሳንቲሙን ደግሞ በዚያው መንገድ መልሰህ ታመጣለህ። የኔቫዳ ሰው «እዚሁ አጠገባችን ይመታልን» ቢል አይፈረድበትም። ኮንግረስም መጋቢት 1863 ፈቀደ። የእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል ስለነበር ግንባታው የጀመረው በ1866 ነው።

እዚህ ላይ አብራም ከሪን ላስተዋውቃችሁ። በጣም የወደድኩት ሰው እሱ ነው። በ1858 ከጓደኞቹ ጋር ባዶ ሜዳ ገዛና ከተማ ሸነሸነ። መሃሉ ላይ አሥር ኤከር ቦታ ተወ። «ይሄ ምንድነው?» ሲሉት «የግዛቱ ምክር ቤት የሚሠራበት» አለ። ልብ በሉ፣ ግዛት የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም! በ1861 ቴሪቶሪው ተቋቁሞ የሕግ አውጪዎቹ መሰብሰቢያ ሲያጡ ሆቴሉን በነፃ ሰጣቸው። በኋላ ሆቴሉ እስር ቤት ሆነ፣ የመጀመሪያው አዛዥም እሱ ሆነ። የገንዘብ መምቻው ሲሠራ ደግሞ ድንጋዩ የወጣው ከዚያው እስር ቤት የድንጋይ ካባ ነው፣ ሥራውን የመራውም እሱ፣ ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊም እሱ። በእኛ አገር ቢሆን «ይሄ ሰውዬ ሁሉ ነገር ውስጥ እጁ አለበት» ተብሎ ይታማ ነበር። ግን የአንድ ዓመት እንኳን ሥልጣን ሳይሞላው ምክትል ገዥ ልሁን ብሎ ለምርጫ ተወዳደረና ተሸነፈ። በ1873 ሲሞት ከተማ እንጂ ሀብት አልተወም።

ፋብሪካው ሥራ የጀመረው ጥር 1870 ነው። የካቲት ላይ የመጀመሪያዎቹ የብር ዶላሮች ወጡ፣ 2,303 ዶላር። ያን የመታው ማሽን ፊላደልፊያ ውስጥ የተሠራ፣ ስድስት ቶን የሚመዝን ፕሬስ ነው። በ1878 አካሉ ተሰነጠቀና የአካባቢው ባቡር ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ታደሰ። የባቡር ሠራተኞቹ ታዲያ የፊላደልፊያውን ስም አንስተው የራሳቸውን የነሐስ ሰሌዳ ለጠፉበት፣ «ቨርጂኒያ እና ትራኪ ባቡር» የሚል። እስከ ዛሬ እሱው ነው ያለው።

የዚያ ባቡር ነገር ራሱ ቀልድ ነው። ማዕድኑ ያለው ተራራው ላይ፣ ቨርጂኒያ ሲቲ ነው። ባቡሩ ከቨርጂኒያ ሲቲ ወደ ካርሰን ሲቲ የደረሰው ፋብሪካው በተከፈተበት በዚያው ጥር ወር ነው። ከዚህ የተሻለ መገጣጠም አለ? የለም ትላላችሁ። ግን በ1872 ሐዲዱ እስከ ሬኖ ተቀጠለና ከአገር አቋራጩ ባቡር ጋር ተገናኘ። ያኔ ብሩ ካርሰን ሲቲን አልፎ፣ ያን ያስፈራ የነበረውን ተራራ ያለምንም ችግር ተሻግሮ፣ ሳን ፍራንሲስኮ መግባት ቻለ። ፋብሪካው የተሠራበት ዋናው ምክንያት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጠፋ።

የማዕድኖቹ ባለቤቶችስ? አብዛኞቹ ሳን ፍራንሲስኮ ናቸው። ባንኩ እዚያ ነው፣ አክሲዮኑ የሚሸጠው እዚያ ነው፣ ወደ ቻይና የሚሄደው መርከብ የሚነሳው ከዚያ ነው። በ1873 ጆን ማኬይና ጄምስ ፌር ከሁለት የሳን ፍራንሲስኮ ሸሪኮቻቸው ጋር «ቢግ ቦናንዛ» የተባለውን ትልቁን ክምችት ሲያገኙ፣ ከዚያ ከወጣው ብር ብዙው ካርሰን ሲቲ ሳይቆም አለፈ። አጠቃላይ ሒሳቡን ተመልከቱት። ኮምስቶክ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፣ ካርሰን ሲቲ በዘመኑ ሁሉ ወርቁንም ብሩንም ጨምሮ የመታው ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስድስተኛው ገደማ መሆኑ ነው።

ከድንጋይ ወደ ሳንቲም እንዴት እንደሚደረስ ትንሽ ልበል። ድንጋዩ በከባድ የብረት መውቂያ ይደቃል። ከውሃ፣ ከጨውና ከሰማያዊው የመዳብ ጨው ጋር በሚሞቅ ትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ይማሰላል። ከዚያ ሜርኩሪ ይጨመርበታል፤ ሜርኩሪው ብሩንና ወርቁን ይዞ ይጣበቃል። ተጨምቆ፣ ተግሎ ሜርኩሪው ሲተን ወርቅና ብር የተቀላቀለበት ጡብ ይቀራል። የፋብሪካው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወርቁን ከብሩ በአሲድ ይለያሉ፣ ለብሩ አንድ አሥረኛ መዳብ ይጨምሩበታል፣ ይዳምጡታል፣ ክብ ክብ አድርገው ይቆርጡታል። ከዚያ ሴቶች ናቸው። ተቀምጠው እያንዳንዱን ይመዝናሉ፤ ከበደ ያሉትን ጠርዙን በሞረድ ይሞርዳሉ፣ ቀለለ ያሉትን ወደ ማቅለጫው ይመልሳሉ። የብር ዶላሩ 26.73 ግራም መሆን አለበት። ምስሉን የሚያትመው ቅርጽ ግን እዚያ አይሠራም፣ ሁሌም ከፊላደልፊያ ነው የሚላከው። ስለዚህ ፊላደልፊያ ካልላከ ሥራ የለም።

ያ ሁሉ ሜርኩሪ የት ሄደ? ብዙው ወንዙ ውስጥ። በሺህ የሚቆጠር ቶን ነው። የካርሰን ወንዝ በ1990 በፌዴራል መንግሥቱ የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ የሚጠመድ ዓሣ እስከ ዛሬ ማስጠንቀቂያ አለበት። ጉድጓዶቹን ለመደገፍ ሲባል በታሆ ሐይቅ ዙሪያ የነበረው ደን ተጨፈጨፈ። በአካባቢው የጥድ ፍሬ ለቅመው የሚኖሩት የዋሾ ሰዎች ዛፎቻቸው ማገዶና ድጋፍ ሆነው አለቁባቸው። የሳንቲም ሰብሳቢዎች ጽሑፍ ውስጥ ይሄን ብዙ አታገኙትም።

ወደ ፖለቲካው እንምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ፋብሪካ የገደለው እሱ ነው ባይ ነኝ።

በ1873 ኮንግረስ የተለመደውን የብር ዶላር መምታት አቆመ። በዚያው ዓመት ነው ቢግ ቦናንዛ የተገኘው። የብር ሰዎች በኋላ «የ73ቱ ወንጀል» እያሉ ዘመናቸውን ሙሉ አለቀሱበት። ከለቀስተኞቹ አንዱ የኔቫዳው ሴናተር ዊልያም ስቱዋርት ነው፤ ሕጉን ግን እሱ ራሱ ደግፎት ነበር። ይሄ ሰው ዛሬ ቢኖር ከፌስቡክ ላይ አይወርድም ነበር!

በምትኩ «ትሬድ ዶላር» የሚባል መጣ፣ ለቻይና ንግድ ብቻ ታስቦ፣ ትንሽ ከበድ ያለ፣ 27.22 ግራም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር በአያቶቻችን ዘንድ የተከበረው ቪየናን ስላወቋት አይደለም፤ ብሩ የታወቀ ክብደትና ጥራት ስላለው፣ ምስሉም ስለማይለወጥ ነው። ምኒልክ በራሳቸው ምስል ብር ሲያስመቱ እንኳን ገበያው ጠገራውን አለቅም ብሎ ነበር። ቻይና ውስጥም የገዛው የሜክሲኮ ብር ነበርና አሜሪካኖቹ እሱን ለመግፋት ነው የተነሱት። የቻይና ነጋዴዎች ሳንቲሙን ተቀብለው መዝነው «እውነተኛ ነው» ብለው የየራሳቸውን ማኅተም ይመቱበት ነበር። ያ ምልክት ያረፈባቸው የካርሰን ሲቲ ዶላሮች ዛሬም ይገኛሉ። ከኔቫዳ ጉድጓድ ተነስቶ ፓስፊክን የተሻገረ ብር! አሜሪካ ውስጥ ግን ጉዱ ሌላ ነበር። በ1876 ትሬድ ዶላሩ በአገር ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ተነሳ። ዋጋው ሲወርድ አንዳንድ አሠሪዎች በርካሽ እየሰበሰቡ ለሠራተኛ በሙሉ ዋጋ ደመወዝ አድርገው ይከፍሉ ጀመር። ከዚያ ባለሱቁ ለሠራተኛው በሙሉ ዋጋ አይቀበለውም። የሰው ብልጠት ያው ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ የ1870ዎቹ አጋማሽ ለካርሰን ሲቲ ጥሩ ጊዜ ነበር። መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የወጣውን ጥቃቅን የወረቀት ገንዘብ በብር ሊተካ ስለፈለገ ዝርዝር ሳንቲም በብዛት ተመታ፤ በ1876 ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ አሥር ሳንቲም። የኔቫዳው ሴናተር ጆን ጆንስ ደግሞ ሃያ ሳንቲም የሚባል ነገር አመጣ። መልኩም መጠኑም ከሃያ አምስት ሳንቲሙ ጋር ተመሳሰለ፣ ሕዝቡ ግራ ተጋባ፣ ወዲያው ሞተ። በ1876 ካርሰን ሲቲ ከመታው 10,000 ውስጥ ዛሬ ያሉት ወደ ሃያ ናቸው።

በ1878 ሌላ ሕግ ወጣ። መንግሥት በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ዶላር እንዲመታ ታዘዘ። ጆርጅ ሞርጋን የሠራው «ሞርጋን ዶላር» የመጣው በዚህ ነው። ካርሰን ሲቲ በደስታ ልትሰክር ይገባ ነበር አይደል? ተራራው ግን እያለቀ ነው። ክምችቱ በ1880 ገደማ ተሟጠጠ። እንግዲህ አስቡት፣ ብሩ ሲፈስ የብር ዶላር ክልክል ነበር፣ የብር ዶላር በሕግ ሲታዘዝ ደግሞ ብሩ ነጠፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዋሽንግተን ድራማ ነው። ግሮቨር ክሊቭላንድ በ1885 ሥልጣን ያዘ፣ በዚያው ዓመት ሳንቲም መምታት ቆመ። በ1889 ቤንጃሚን ሃሪሰን መጣ፣ ፋብሪካው ተከፈተ። በ1893 ክሊቭላንድ ተመለሰ፣ ሳንቲም መምታቱ እንደገና ቆመ፤ ብርና ወርቅ ማጣራቱ ብቻ ቀጠለ። እንደ ቀበሌ መዝናኛ ክበብ አዲስ ሊቀመንበር በመጣ ቁጥር ቁልፉ ይቀየራል። ከ1893 በኋላ አንድም ሳንቲም አልተመታም። በ1895 ደግሞ ማጣሪያው ክፍል ውስጥ ወርቅ ሲሰረቅ እንደነበር ታወቀ፤ ወደ 75,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጠፍቶ ሠራተኞች ታሰሩ። ለመዝጋት ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ሠርግና ምላሽ ነው። በ1899 የገንዘብ መምቻነቱ በይፋ ተነሳና የማዕድን መመርመሪያ ቢሮ ብቻ ሆኖ እስከ 1933 ቆየ። ዛሬ ሕንፃው የኔቫዳ ግዛት ሙዚየም ነው፣ በ1941 የተከፈተ።

ፕሬሱስ? እሱ ጡረታ አያውቅም። ፊላደልፊያ ሄደ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ካርሰን ተመለሰ። በ1964 አሜሪካ ውስጥ የሳንቲም እጥረት ሲፈጠር መንግሥት ከሙዚየሙ ተውሶ ዴንቨር ወሰደውና ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሳንቲም አስመታው። መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሽማግሌ ከሙዚየም ተጠርቶ ፈረቃ ገባ ማለት ነው። አሁን ሙዚየሙ ውስጥ ሆኖ ለጎብኚዎች የብር ሜዳልያ ይመታል። በ1999 ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ሲቆፈር በመቶዎች የሚቆጠሩ ያገለገሉ የማተሚያ ቅርጾች ከመሬት ወጡ። ማንም እንዳይጠቀምባቸው ምስላቸው ተበላሽቶ የተቀበሩ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ የት ገባ የሚለው። ብዙው ዶላር ማንም እጅ አልገባም። ሰው ከባድ ብር ኪሱ ውስጥ ከሚያንጠለጥል ወረቀቱን ይመርጣል። ስለዚህ ሺህ ሺህ ሆኖ በከረጢት ታስሮ ግምጃ ቤት ተቀመጠ። በ1918 የወጣ ሕግ ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላር አቀለጠ። ብሩ ለእንግሊዞች ተሸጦ ሕንድ ሄደ። ሕጉን ያመጣው ማን ነው? ኪ ፒትማን፣ የኔቫዳ ሴናተር። ያቀለጠውን ያህል ብር መንግሥት ከአሜሪካ ማዕድን አውጪዎች መልሶ እንዲገዛ አስገድዷልና ለኔቫዳ ጥሩ ንግድ ነበር።

የተረፈው ትንሽ መስሎ ነበር። በ1964 ግምጃ ቤቱ ሲቆጠር ግን ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የብር ዶላር ተገኘ፣ አብዛኛው የካርሰን ሲቲ፣ እንደተመታ ያለ፣ ሰው ያልነካው። በ1884 ከተመቱት 1,136,000 የካርሰን ዶላሮች ውስጥ 962,638ቱ እዚያው ከረጢት ውስጥ ነበሩ! ሰማንያ ዓመት። መንግሥት ከ1972 እስከ 1980 በፖስታ ጨረታ ሸጣቸው። ከዚያ ሽያጭ በፊት ደግሞ እዚህ ላስ ቬጋስ ካዚኖዎቹ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ እውነተኛ የብር ዶላር ነበር ጠረጴዛና ስሎት ማሽን ላይ የሚጠቀሙት፤ ብሩ ከገንዘቡ ሲበልጥ ሰው ይዞት መውጣት ጀመረና በተራ ብረት ቶክን ተኩት።

ስለዚህ «ሲሲ ያለበት ሁሉ ብርቅ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። የ1882፣ የ1883 እና የ1884 ሞርጋኖች በዚያ ግምጃ ቤት ምክንያት በጥሩ ይዞታ በብዛት አሉ። ብርቁ 1889 ነው፤ 350,000 ተመትቶ ከዚያ ክምችት ውስጥ የተገኘው ከቁጥር የማይገባ ነው። ብርቅ ስለሆነም የሚጭበረበረው እሱ ነው፦ ሌላ ፋብሪካ የመታውን ተራ የ1889 ዶላር ይወስዱና ሁለቱን ፊደሎች ይለጥፉበታል። ፊደሎቹ ያሉት ከጀርባ፣ ከአሞራው ጭራና ከአበባ ጉንጉኑ ቋጠሮ በታች ነው። በማጉያ መነጽር ሥራቸውን እዩት፤ ከብሩ ጋር አብረው የተመቱ ካልመሰላችሁ፣ በዙሪያቸው መስመር ወይም የተለየ ቀለም ካለ፣ ሰውየውን አመስግናችሁ ውጡ። እዚህ ከተማ በየመንገዱ ያለው ወርቅ ቤት ውስጥ በመስታወት ሥር አይቻለሁ፣ ባለሱቁ ማጉያ መነጽር ስጠይቀው «ለምን ፈለግሽው?» አለኝ።